ፒያሳ ላይ ሱቅ ለሌለው

ደሴ ላይ ለነጋዴ የሱቅ ቦታ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ለመረዳት ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ካርታ አያስፈልገውም። ጦሳ በአንድ ወገን፣ አዝዋ ገደል በሌላው ወገን ጨብጠዋት ከተማዋ ወርዷ ጠቦ ቁመቷ ረዝሟል። ከሸዋ በር ተነስቶ ዋናውን አስፋልት ይዞ እስከ ፒያሳ የተጓዘ ሰው የገበያውን ዋና ዋና አየ ማለት ነው። የቀረው ውስጥ ለውስጥ፣ ባጃጅ እንኳ እያቃሰተ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ንግድ ማለት ለብዙ ዘመን ቦታ ማለት ሆኖ ኖሯል። አስፋልት ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል የያዘ ሰው ኪራዩ ቢያንገበግበውም፣ ለ«ቁልፍ» የከፈለው ገንዘብ እንቅልፍ ቢነሳውም፣ ቢያንስ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ውስጥ ሰፈር ያለውን ግን እጁ የፈለገውን ያህል ቢባረክ ማንም አያየውም።

ባለፈው ሰሞን ቡና ላይ እንዲህ ያለው ሰው ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በማስተዋወቅ ገዢ ያገኝ እንደሆነ አንስተን ስንከራከር አንድ የማከብራቸው የጨርቅ ነጋዴ እንዲህ አሉኝ፤ «ይሄ በስልክ የሚለቀቀው ማስታወቂያ ለአዲስ አበባ ሰው ነው። እዚህ ሰው ሰውን ያውቃል። ጥሩ ዕቃ ደግሞ ራሱን ይሸጣል።» ለራሳቸው ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሱቃቸው ፒያሳ ነው።

እኔ የማውቀው ታሪክ ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ መጋረጃ ትሰፋለች። ቤቷ ከዋናው መንገድ ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣ ከዚያም የጎረቤት ውሻ ፈቃድ ተጠይቆ የሚገባበት ነው። ለዓመታት ደንበኞቿ የዕድር ሰዎች፣ የሰፈር ሙሽሮችና የእነሱ ዘመዶች ብቻ ነበሩ። ሥራ የሚመጣው በሠርግ ሰሞንና በበዓል ዋዜማ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሲንጀሯ አቧራ ይጠጣል።

ባለፈው ዓመት ፌስቡክ ላይ ፔጅ ከፈተች። መጀመሪያ የለጠፈቻቸው ፎቶዎች ከቱርክ ድረ ገጾች የወረዱ ነበሩ፤ ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገባቸው፣ ጣሪያቸው የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ሳሎኖች። አምሳ ሰው «ዋው» አለ፣ አንድም ሰው አልደወለም። ቀጥላ የለጠፈችው ፎቶ ዘመም ያለ ነው። አንዲት ደንበኛዋ ቤት በስልኳ ያነሳችው፤ ቡናማ መጋረጃ፣ መስኮቱ ላይ የጠዋት ፀሐይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ረከቦቱ ከነሲኒው ሳይነሳ ቀርቷል። ያን ፎቶ 600 ብር ከፍላ ለአራት ቀን ቡስት አስደረገችው፤ ማለትም ፌስቡክ እንደ ማስታወቂያ ለብዙ ሰው እንዲያሳየው አደረገች። ስድስት ሰው ደወለ፣ ሦስቱ አሰፉ። ከሦስቱ አንዷ የኮምቦልቻ፣ አንዷ የሐይቅ ሰው ናቸው። መስኮት ለመለካት ኮምቦልቻ ስትወርድ የሚኒባሱን ሒሳብ ዋጋው ላይ ጨመረችው፤ ደንበኛዋ ምንም አላለችም።

የሸጠልሽ ረከቦቱ ነው እላታለሁ። ትስቃለች። እኔ ግን የምሬን ነው። ያንን ፎቶ ያየች ሴት የራሷን ቤት ነው ያየችው። የቱርኩን ሳሎን ያየች ሴት ግን አድንቃ አለፈች፤ ደግሞም ያልሠራነውን ዕቃ ፎቶ ለጥፎ ሥራዬ ነው ማለት ማታለል ነው። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ፔጅ ላይ የሚለጥፍ ሰው ይህ ሕግ ቴሌቪዥንን ብቻ የሚመለከት ይመስለዋል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ፍሬ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ሞንታርቦ ጭኖ ከተማ የሚዞር መኪና ለሚገዛውም ለማይገዛውም፣ ለታመመውም ለተኛው ሕፃንም እኩል ይጮኻል። በኤፍ ኤም የተነገረ ማስታወቂያ ስንት ሰው ወደ ሱቅ እንዳመጣ በትክክል የሚያውቅ የለም። ፌስቡክ ላይ ግን ካርታው ላይ ነጥብ ተደርጎ «ከዚህ ዙሪያውን 40 ኪሎ ሜትር» ይባላል። ነጥቡ ደሴ ላይ ካረፈ ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ኩታበርም ገቡ ማለት ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው መጋረጃዋን አይቶ ገንዘቧን አይበላባትም። ዕድሜ ይመረጣል፣ ጾታ ይመረጣል፣ የቀኑ ወጪ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨረታ ነው። አንድ ሰው ስልኩን በከፈተ ቁጥር ዓይኑ ፊት ለመቅረብ አስተዋዋቂዎቹ በማሽን ይጫረታሉ፤ የሚያሸንፈው ደግሞ ብዙ የከፈለው ብቻ አይደለም። ሰው አይቶ ይነካዋል፣ አይሰለቸውም ተብሎ የተገመተ ማስታወቂያም ብልጫ ያገኛል። ያ የዘመመ ፎቶ በ600 ብር ያን ያህል የሄደው ለዚህ ይመስለኛል።

ማታ ላይ ደግሞ ስንት ሰው አየው፣ ስንቱ ነካው፣ ስንቱ መልእክት ላከ የሚለው ቁጥር ይመጣል። የእኛ ነጋዴ ለዘመናት የማስታወቂያ ገንዘብ ሲከፍል የኖረው እንደ ምጽዋት ነው፤ ሰጥቶ «አላህ ይተካው» ብሎ ይረሳዋል። አሁን ከኪሱ የወጣችውን ብር ተከትሎ የት እንደገባች ማየት ይችላል። በ600 ብር ሦስት ደንበኛ ከመጣ አንዱ በ200 ብር መጣ ማለት ነው። ይህን ስሌት የሠራ ሰው የሚቀጥለውን ቡስት ያድርግ አያድርግ ማንንም አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ዕድል ገደል የሚከት አንድ አባባል ግን አለን፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። የአካባቢያችንን የንግድ ፔጆች ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው። ሶፋ ተለጥፏል፣ ሥሩ አርባ ሰው «ስንት ነው?» ብሏል፣ ለአርባውም «ኢንቦክስ አድርገንልዎታል» የሚል መልስ ተደርድሯል። ለምን ትደብቃላችሁ ስላቸው የሚሰጡኝ ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ ተፎካካሪ እንዳያየን የሚል ነው፤ ተፎካካሪ የእህቱን ልጅ «ስንት ነው?» ማስባል ያቅተዋል እንዴ! ሌላው ገቢዎች እንዳያየን የሚል ነው፤ የገቢዎች ሰውም ኢንቦክስ መላክ አይሳነውም። ሦስተኛውን በግልጽ የሚናገር የለም፤ ዋጋው እንደ ጠያቂው ይለያያል። እውነቱን ለመናገር መከራከር የማልወድ ሰው አይደለሁም፤ ሰኞ ገበያ ሄዶ ሳይከራከሩ መግዛት ዕቃውንም ሻጩንም መናቅ ይመስለኛል። ነገር ግን ፊት ለፊት ያለ ክርክር ሻይ ቢያስከፍል ነው። ስልክ ላይ ግን ሰውየውን እዚያ ፎቶ ድረስ ለማምጣት ተከፍሎበታል። ከፍሎ በር ድረስ አምጥቶ በሩን መዝጋት ምን የሚሉት ንግድ ነው?

የአክስቴ ልጅ ብዙ ካንገራገረች በኋላ «በሜትር ይህን ያህል፣ ስፌቱን ጨምሮ፣ ዘንጉን ሳይጨምር» ብላ ጻፈች። የሚደውለው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ደነገጠች። ግን ድሮ የሚደውሉት «ስንት ነው? እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለው የሚጠፉት ነበሩ፤ አሁን የሚደውሉት ወሬ የሚጀምሩት «መቼ ልትለኪ ትመጫለሽ?» ብለው ነው።

ፒያሳ ያሉት ነጋዴ የዘነጉት ሌላም ነገር አለ። የወሎ ቤት ዕቃ ገዢው ሁልጊዜ ወሎ ውስጥ አይደለም። ሪያድ፣ ጅዳ፣ ቤሩት ወይ ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች ለእናቷ ቤት የምትሠራ ልጅ በየሰፈራችን አለች። ቆርቆሮው፣ ብፌው፣ ሶፋው፣ መጋረጃው በእሷ ገንዘብ ነው። ድሮ ብሩን ለወንድም ወይ ለአጎት ትልካለች፣ እሱ በደላላ ይገዛል፣ መሐል ላይ ስንት እንደተጨመረ ቤቱ ይቁጠረው። አሁን ማታ ከሥራ አረፍ ስትል ቲክቶኩን ራሷ ታያለች፣ ራሷ በኢሞ ደውላ ትከራከራለች፣ ቀብዱንም ራሷ ታስልካለች። ሱቁ ፒያሳ ይሁን ውስጥ ሰፈር ለእሷ ልዩነት የለውም፤ ሪያድ ላይ ሆና ሁለቱም እኩል ይርቋታል።

እሷን የሚያስጨንቃት ሻጩ ቀብዱን በልቶ እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ ለእሷ ከሚያብረቀርቅ ፎቶ ይልቅ ዕቃውን የተረከበ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ቆሞ፣ «ደርሶኛል» ሲል የሚያሳይ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ይበልጣል። አንድ ሻጭ እንዲህ ያሉ አሥር ቪዲዮዎች ካሉት ደላላ አያስፈልገውም።

ስለ ችግሩ ሳልናገር ባልፍ ግን አድልቷል እባላለሁ። ለእነዚህ ኩባንያዎች የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብዙው ነጋዴያችን ደግሞ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለውም። ስለዚህ አንዱን ደላላ ሸኝተን «ቡስት እናደርጋለን» የሚል ሌላ ደላላ ተቀበልን። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ በብር ሲታሰብ ያማል። እኔም ተሞኝቻለሁ። ለአንድ የወዳጄ ምግብ ቤት 2,000 ብር ለአንዱ ወኪል ከፈልሁ። በሁለት ቀን ሦስት ሺህ ላይክ አመጣ፤ ደስ ብሎን ቡና ጠጣን። ከዚያ ስሞቹን ከፍቼ ማየት ጀመርሁ፤ ደሴን ካርታ ላይ ቢያሳዩዋቸው የማያውቁ፣ የት አገር እንዳሉ እንኳ የማይገባ ስሞች ነበሩ። ከሦስት ሺህ አንዱ ምሳ ሊበላ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ወኪል ስቀጥር የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የተመረጠውን ካርታ አሳየኝ፣ ሲያልቅ ደግሞ ሪፖርቱን ከራሱ ከፌስቡኩ ገጽ ላይ አሳየኝ። እምቢ ያለውን አልቀጥርም።

ኔትወርኩም አለ። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስልኩም አብሮ ሞቷል። ነሐሴ 2015 ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ ገበያውን በሙሉ ስልኩ ላይ የጫነ ሰው በዚያ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የአክስቴ ልጅ ያንን ስላየች የእያንዳንዱን ደንበኛ ስልክና የመስኮቱን ልክ በደብተር ትጽፋለች። ዳታ ቢጠፋ መደወል አያቅታትም። ፔጁ የሰው ነው፣ ደብተሩ የእሷ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ከ2009 ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ዕቃቸውን የሚሸጡት በቡስት አይደለም። ግን ከሌላ ከተማ ለፋብሪካ ሥራ የመጣ ሰው የሚከራይ ቤት፣ ምሳ ቤትና ፀጉር ቤት መፈለግ የሚጀምረው ስልኩ ላይ ነው። ጎግል ማፕ ላይ የቤትን ስም፣ ቦታና ስልክ ማስገባት ምንም አያስከፍልም። ይህን ያደረጉ ምግብ ቤቶች ብዙ አይመስሉኝም፤ በሩ ላይ ለሚሰቀለው ባነር ግን በየበዓሉ ይከፍላሉ።

ባለፈው ሐሙስ የአክስቴ ልጅ መጋረጃ ልትሰቅል ሐይቅ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። ከፋይዋ ሪያድ ናት፤ ጨርቁንም ዋጋውንም ያየችው ፔጁ ላይ ነው። ዘንጉ ገብቶ መጋረጃው ሲለቀቅ በኢሞ ተደወለላት፣ ስልኩንም እኔ ያዝሁ። እናትየው ሻሻቸውን አስተካክለው መስኮቱ ፊት ቆሙ፣ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ፈተግ አደረጉት፣ «ማሻ አላህ» አሉ። ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ስንት ነው ያልሻት?» ሲሉ ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ።

«እህቴ፣ በአላህ! ለእማዬ ዋጋው በውስጥ መስመር ነው በያት!»