የተማሪዎች የሙዚቃ ቡድን ከእንግዳ መቀበያነት ይውጣ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተማሪዎች የሙዚቃ ቡድን የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ሊመጣ ሲል ነው። ምረቃ ሲቃረብ፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ወይም ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ልዑክ እንደሚመጣ ሲሰማ የኪነ ጥበብ ክበቡ ተጠሪ ይጠራል፤ «ሁለት ዘፈንና አንድ ውዝዋዜ አዘጋጁ» ይባላል፤ ቡድኑም በጥቂት ቀናት ልምምድ መድረክ ላይ ይወጣል። በንግግሮች መካከል የተመደበለትን ደቂቃ ተጫውቶ ሲወርድ መሣሪያው ወደ ንብረት ክፍል ይመለሳል፣ ተማሪዎቹም እስከሚቀጥለው እንግዳ ድረስ ይበተናሉ። ይህ አሠራር መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የልምምድ ክፍል፣ በሳምንት የታወቁ ምሽቶች፣ አሠልጣኝና በየሴሚስተሩ አንድ የራሱ የሙዚቃ ምሽት ያለው ቋሚ የተማሪዎች ቡድን ሊኖረው ይገባል። ሐዋሳ ደግሞ ይህን ለመጀመር ከማንም የተሻለ ምክንያት አላት።

በጋራ መጫወት ምን እንደሚጠይቅ ቀርቦ ያየ ሰው የሦስት ቀን ልምምድ ለምን እንደማይበቃ ይገባዋል። ክራር በልማዱ የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው ጉሮሮው የከበደው ዕለት ዝቅ አድርጎ ቃኝቶ ይዘፍናል፣ ማንም «ተሳሳትክ» አይለውም። ያው ክራር ከኪቦርድ፣ ከዋሽንትና ከማሲንቆ ጋር ሲቀመጥ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ኪቦርዱ ከድምፁ ንቅንቅ አይልም፤ ዋሽንቱም ቀዳዳዎቹ ከሚሰጡት ድምፅ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ክራሩና ማሲንቆው ወደ እነሱ መምጣት አለባቸው። ባለ ክራሩ በትዝታ ቅኝት ቃኝቶ ሲያበቃ ቀጣዩ ዘፈን በአምባሰል ቅኝት ከሆነ ክሮቹን አንድ በአንድ እያላላና እያጠበቀ እንደገና ይጀምራል፤ ክሩ አዲስ ከሆነ ደግሞ ዘፈኑ ሳይጋመስ ይረግብበታል። የማሲንቆው መምቻ ጭራ ዕጣን ካልተቀባ ድምፁ ይታፈናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፃዊዋ ቆማ ትጠብቃለች፣ ከበሮ መቺው በጣቱ ጠረጴዛ ይመታል፣ የተፈቀደላቸው አንድ ሰዓትም ያልቃል። በሳምንት ሁለቴ የሚገናኝ ቡድን ግን ከሁለት ወር በኋላ እንዲህ ያለውን ጣጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። ሁለት ክራር ይዞ አንዱ ዜማውን ሌላው ቤዙን የሚይዝበትን መንገድ የሚፈልገውም ያን ጊዜ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቤት መሆን እንደሚችል የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ፣ ብቻቸውን ወይም በጥቂት ሰው መጫወት የለመዱ የባህል ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ ላይ በጋራ የሚጫወቱበትን መንገድ የፈለገ ቡድን ነበር። በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ለዓመታት ሠርቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል፣ እስከ 1975ም ዘልቋል። የቡድኑ አባላት ተማሪዎች አልነበሩም፤ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ዩኒቨርሲቲው ለሙዚቀኞቹ መለማመጃ ቦታና ጊዜ መስጠቱ ነው። ዛሬ ብዙ የባህል ባንዶች ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ አሰልፈው መድረክ ላይ ሲወጡ እንደ ጥንት ልማድ እንቆጥረዋለን፤ እንደዚያ ተሰባስቦ መጫወት ግን በብዙ ልምምድ የተገኘ ነገር ነው።

ተቋም በሌለበትም ቢሆን መሰንበት ምን እንደሚያፈራ ለማየት ድሬዳዋን ማስታወስ ይበቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ከተማ ወጣቶች ያቋቋሙት አፍረን ቀሎ ለኦሮምኛ ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ጥሏል፤ አሊ ቢራም ገና ልጅ ሳለ የገባው ወደዚያ ቡድን ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልመለስ። ከተማችን ለብዙ ዓመታት የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆና 56 ብሔረሰቦች ይኖሩበታል ይባል የነበረውን ክልል ባህል በአንድ ቦታ የሚሰሙባት ነበረች። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ ቀሪውም አካባቢ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በየራሱ ክልል ተደራጀ፤ ቢሮዎቹም ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ቦንጋ ሄዱ። ይህ የሕዝብ ውሳኔና የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምከራከርበት አይደለም። ሆኖም የእነዚያ ሁሉ አካባቢዎች ልጆች፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከትግራይና ከሶማሌ ከሚመጡት ጋር፣ ዛሬም በአንድ ግቢ የሚያድሩበትና በአንድ ካፌ የሚመገቡበት ቦታ ዩኒቨርሲቲው ነው።

እነዚህ ልጆች ይዘውት የሚመጡት ሀብት ምን ያህል እንደሆነ ብዙዎቻችን አናስተውልም። በደራሼ፣ በጊዶሌ አካባቢ፣ ፊላ የሚባል የጋራ ሙዚቃ አለ። ርዝመታቸው የሚለያይ የሸምበቆ መሣሪያዎችን ብዙ ሰው ተከፋፍሎ ይይዛል፤ የአንዱ ሰው ድርሻ አንድ ወይም ጥቂት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ተራው ሲደርስ ነፍቶ ለሚቀጥለው ይለቅቃል፤ ዜማው የሚሟላው ሁሉም በክብ እየተንቀሳቀሰ በየተራው ሲነፋ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱን ለብቻው ወስዳችሁ «እስቲ ዜማውን አሰማን» ብትሉት ሊያሰማችሁ አይችልም። በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ድምፃቸውን ተከፋፍለው በአንድ ጊዜ ልዩ ልዩ ዜማ ያሰማሉ፤ ሙዚቃ ያጠኑ ሰዎች ከሩቅ አገር እየመጡ የቀረጹት ጥበብ ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በጉዱማሌ አደባባይ ሲከበር የሲዳማ አባቶች ቄጣላ የሚባለውን የኅብረት ጭፈራ ይዘው ሲገቡ የሚሰማው የወንዶች የኅብረት ድምፅ በዓሉን ኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ካሰፈሩት እሴቶች አንዱ ነው። በኅብረት መጫወት ከውጭ የምንቀዳው ትምህርት ነው የሚል ሰው ካለ እነዚህን ሦስቱን ይስማ። ከደራሼ የመጣ የምህንድስና ተማሪ አሥራ ሁለት ጓደኞቹን ሰብስቦ ፊላ የሚያስተምርበት ክፍል ቢያገኝ ሥራው በራሱ የሚማርክ ይሆናል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ደግሞ ሸምበቆና ጊዜ ነው።

ቡድን እንዴት እንደሚጸና ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በተማሪዎቻችን መካከል በደንብ የተለማመደ ኅብረ ድምፅ መስማት የሚፈልግ ሰው ከግቢው በር ወጣ ብሎ የግቢ ጉባኤ መዘምራንን ወይም የወንጌላውያን ተማሪዎችን ኳየር ያዳምጥ። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሳንቲም በጀት የላቸውም። ያላቸው የማይቀየር የልምምድ ቀን፣ ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት የተመረጠ ኃላፊ፣ የሚቀር ሰው ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ ጓደኛ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተተኪ የማፍራት ልማድ ነው። ተመራቂዎቹ ከመሄዳቸው በፊት መዝሙሩንም ከበሮውንም በገናውንም ለታናናሾቻቸው አስረክበው ይሄዳሉ። የኪነ ጥበብ ክበቦቻችን የሚወድቁት ግን በዚሁ ቦታ ነው፤ ጎበዝ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረበት ዓመት ቡድኑ ያምርበታል፣ ልጁ ሲመረቅ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ዓለማዊ ቡድን ሲያደራጅ የእምነቱን ይዘት ለባለቤቶቹ ትቶ ይህን አደረጃጀት ቢወስድ ያተርፋል።

የንብረት ነገር አሰልቺ ቢመስልም ቡድኖች የሚሞቱት ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሆነ ማለፍ አልችልም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ጥሩ መሣሪያ ተገዝቶ በንብረት ክፍል ተቆልፎ አይቻለሁ፤ አንድ ክራር ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማና ሞዴል 22 የሚባለው የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ያስፈልግ ነበር፤ ልምምዱ ደግሞ ንብረት ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ምሽት ላይ ነው። ንብረት ጠባቂው ጥፋት የለበትም፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ክራሩ በቋሚ ንብረትነት ተመዝግቦ ሳለ ክሩ ግን በማንም የግዥ ዕቅድ ውስጥ አልገባም፤ ክሩ ሲበጠስ ተማሪዎቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ገዙ፤ የማይክ ገመድ ሲቋረጥ ደግሞ የሚያዋጡት አጡ። መፍትሔው ቀላል ነው። መሣሪያዎቹ ለአሠልጣኙ ወይም ለክበቡ አማካሪ መምህር በስሙ ወጪ ይደረጉና በልምምድ ክፍሉ ውስጥ በሚቆለፍ ቁምሳጥን ይቀመጡ፤ ክር፣ የከበሮ ጠፍር፣ ገመድና ባትሪ ደግሞ እንደ ማንኛውም አላቂ ዕቃ በየዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ይያዙ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ የምረቃ በዓል ድንኳንና ጌጥ ከሚወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሰዓቱም ቢሆን ታስቦ መመደብ አለበት። ልምምድ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሲሆን ሴት ተማሪዎች ይቀራሉ፤ ወደ ዶርም የሚመለሱበት መንገድ ያሳስባቸዋል። ከቀሩ ደግሞ ቡድኑ የወንዶች ይሆናል፤ ሴቶቹ ለምረቃው ዕለት ለውዝዋዜ ብቻ ይጠራሉ። ክራርና ዋሽንት የያዙ ሴት ተማሪዎችን በመድረክ ላይ የማናየው ተሰጥኦ ጠፍቶ አይመስለኝም፤ መሣሪያውን የሚነኩበት ሰዓት ስለማያገኙ ነው። እንደ ሐዋሳ ዋናው ግቢ፣ ግብርናው፣ ጤናውና ወንዶ ገነት ተለያይተው በሚገኙበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በየግቢው ትንንሽ ቡድን አቋቁሞ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ላይ ማለማመድ ይሻላል።

«ተማሪው የመውጫ ፈተና ተደቅኖበት ሙዚቃ ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ጥያቄውንም አልንቀውም። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ግዴታ ሆኗል፤ ወላጅም መምህርም ቢጨነቅ ትክክል ነው። ነገር ግን የተማሪው ምሽት አሁንም ሙሉ በሙሉ ለጥናት አይውልም፤ ስልክ ላይ፣ ላውንጅ ውስጥ፣ ከግቢ ውጭ የሚያልፈው ሰዓት ብዙ ነው። በሳምንት አራት ሰዓት ልምምድ ማንንም ከፈተና አያስቀርም፤ የፈተና ሳምንታት ሲደርሱም ቡድኑ ሊያርፍ ይችላል። ሙላቱ አስታጥቄ መሐንዲስ እንዲሆን ወደ ብሪታንያ ተልኮ ሙዚቃን ያገኘው በዌልስ በተማረበት ትምህርት ቤት መሆኑን እናስታውስ፤ ተማሪ ቤት ለሙዚቃ ቦታ ባይሰጥ ኖሮ ያን ተሰጥኦ ማን ያውቀው ነበር? ደግሞም አዲሱ የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርትን አካቷል። ያንን ትምህርት ነገ በየወረዳው የሚያስተምሩት ከእነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡ ወጣቶች ናቸው፤ መሣሪያ ይዞ ከሰው ጋር ተጫውቶ የማያውቅ መምህር ከመጽሐፉ ውጭ ምን ይዞ ክፍል ይገባል?

ሌላው ሥጋት ከዚህ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ግቢዎች የደረሰውን ግጭትና የተማሪ ሞት ያየ አስተዳዳሪ ተማሪዎች በብሔር ዘፈን ዙሪያ ሲሰባሰቡ ቢሠጋ አይፈረድበትም። ሥጋቱ ግን አሁን ባለው አሠራር አይቀልም፤ እንዲያውም ይብሳል። ለበዓል ሲጠሩ ተማሪዎች የሚመደቡት በብሔራቸው ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ልብስ ለብሶ የራሱን ዘፈን ዘፍኖ ይወርዳል፤ አንዱ የሌላውን ዜማ አይማርም። ቋሚ ቡድን ሲኖር ግን የወላይታው ልጅ ለሲዳምኛው ዘፈን ቤዝ ክራር መያዝ፣ የጎጃሟ ልጅ የጌዴኦውን አዝማች በትክክለኛ አነጋገር መማር ግድ ይሆንባቸዋል፤ ባለቤቱ አጠገባቸው ቆሞ ያርማቸዋላ! ዘፈን ለመምረጥም ደንብ ይኑር፤ ሌላውን የሚያንቋሽሽ ግጥም እንዳይገባ አሠልጣኙና የተማሪዎች ኅብረት ተወካይ አብረው ይዩት።

ፕሌይባክ ከፍቶ አፍ ማንቀሳቀስ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ጨርሶ መከልከል አለበት። ስህተት ያለበት የተማሪ ሙዚቃ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያሻም። አዲስ ገቢ ተማሪዎች በሚመዘገቡበት ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ካለ የትኛው እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚዘፍኑ። ዝርዝሩ በየግቢው ተለይቶ ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ይድረስ፤ ዲኑ አንድ ክፍልና ሁለት ምሽት ይመድብ፤ የመጀመሪያው ልምምድም ከአጋማሽ ፈተና በፊት ይጀመር።