ጎማ ወረዳ ላይ ቡና ሲያፈራ ለንደን ላይ ዕዳ ይከራከሩበታል

ጅማ ተቀምጣ የዓለም አቀፍ ፋይናንስን ፖለቲካ ለሦስተኛ ዲግሪዋ የምታጠና ባልደረባ አለችኝ። «ለዚህ ጥናት ዋሽንግተን አይሻልሽም?» የሚሏት ብዙ ናቸው። እኔ ጅማ ይሻላታል ባይ ነኝ።

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (መንግሥት ከውጭ ባለሀብቶች በውጭ ምንዛሪ የሚበደርበት ሰነድ) በ6.625 በመቶ ወለድ ሸጠች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መንግሥት ከዋናው ዕዳ 18 በመቶ እንዲቀነስለት ሲጠይቅ ቦንዱን የያዙት ባለሀብቶች እምቢ አሉ። ምክንያታቸው እኛን ይመለከታል፦ የዓለም የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ የኢትዮጵያን የወጪ ንግድ ገቢ ዝቅ አድርገው ገምተዋል፣ ቡናውና ወርቁ ከተገመተው በላይ ዶላር እያስገባ ነው፣ ስለዚህ አገሪቱ መክፈል ትችላለች አሉ።

ይህን ልብ በሉልኝ። የወጪ ንግድ ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሊቀነስልን የሚገባው ዕዳ ያንሳል። እዚህ ጅማ ዞን፣ ጎማና ሊሙ ላይ ቡናው ሲሰጥ፣ ድርድሩ ላይ የአበዳሪው ክርክር ይጠነክራል። የነገውን ቡና ማን ይገምታል? የማንስ ግምት ይጸናል? ይህ የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ ለኢኮኖሚስቶች ስሌት ብቻ የሚተው አይደለም። የቡና ዋጋ ራሱ የፖለቲካ ታሪክ አለው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) አምራችና ገዢ አገሮች ለእያንዳንዱ አምራች በሚመደብ የሽያጭ ኮታ ይዘውት ነበር፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ኮታው ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፣ ገበሬውም ከሰረ።

ለንደን ያለው ተንታኝ የማያየውን ግን ጅማ ያለ ተመራማሪ ማየት ይችላል፦ ስንቱ እግር ቡና አርጅቷል፣ ገበሬው ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) ለምን ጎተራ ውስጥ ያቆያል፣ ምን ያህሉ እዚሁ አገር ውስጥ ይጠጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቆ ከ57 ገደማ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ፣ የቡናው ዶላር በብር ካመጣው ጭማሪ ለገበሬው የደረሰው ስንት ነው? ይህን ሳያውቁ «መክፈል ይችላሉ» ማለት ድፍረት ነው።

መንግሥታት ያበደሩትን ዕዳ በተመለከተ የነበረው ድርድር ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ በመሩት ኮሚቴ በኩል በዝግ ተካሂዷል። ገንዘብ ሚኒስቴር ምስጢሩን ሁሉ ያውጣ አልልም። ግን የቡናው ግምት በምን ላይ እንደቆመ ለአገር ተመራማሪዎች ያሳይ፣ ቢተቹትም ይስማቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን ጥያቄ ለያዘ ተማሪ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ የሚወርድበትን ገንዘብና ጊዜ ይስጡት።