ለክቡር ብራውዘር፦ ስለ ሰንጠረዥ ቁጥሮች አሰላለፍ የቀረበ አቤቱታ

ጉዳዩ፦ ሦስተኛው ዐምድ ወደ ቀኝ እንዲጠጋልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ትናንት ከእርስዎ ጋር ሳመሽ ከቀላው ዓይኔ በስተቀር ደኅና ነኝ።

የጠየቅሁት ጥቂት ነው። በድረ ገጼ ላይ አራት ዐምድና ሃያ ረድፍ ያላት አንዲት ሰንጠረዥ አለችኝ፤ ሦስተኛው ዐምዷ ቁጥር ነው። ቁጥር ሲደረደር የአንድ ቤቱ ከአንድ ቤት ሥር፣ የአሥር ቤቱ ከአሥር ቤት ሥር እንደሚውል መደመር የጀመረ ሕፃን ያውቀዋል። እርስዎ ግን 1,204.75ን ከግራ ጠርዝ አስጀምረው፣ 9.5ንም ከሥሩ ከዚያው ጠርዝ አስጀመሩት። ዘጠኟ ከሺው ቤት ሥር ተኮፍሳ ተቀመጠች። በችኮላ ያየ ሰው ዘጠኝ ሺህ ብሎ ቢያነባት አልፈርድበትም።

ርእሱስ የት ነው ያለው? መሀል! ቲኤች የሚባለውን የርእስ ሴል (የሰንጠረዡን ሳጥን ማለቴ ነው) አድምቀው መሀል ያስቀምጡታል፤ ቲዲ የሚባለውን ተራ ሴል ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ዐምዱ ሰፋ ሲል ርእሱ ከባዶ ሜዳ በላይ ይንሳፈፋል። ሹሙ በመሀል፣ ሕዝቡ በጥግ። ተናድጄ ለሰንጠረዡ በሙሉ «ወደ ግራ» ብዬ ጻፍኩ፤ ርእሱ ወዲያው መሀሉን ለቅቆ ወደ ግራ ሄደ። ጽሑፉ ሁሉ እኮ ድሮም በግራ ነበር! ለካ ርእስዎ መሀል የሚቀመጠው ከበላዩ ያለው ምንም ትእዛዝ ካልተሰጠው ብቻ ነው። ዝም ከተባለ ይንጠራራል፤ የሚያውቀውን ከነገሩት ይታዘዛል።

ይህንን በሆዴ ይዤ ወደ ዋናው ነገር ሄድኩ። ዐምድን የሚወክል ኮል የሚባል መለያ አለ። ሦስተኛዋን ኮል ለይቼ «ጽሑፍሽ ወደ ቀኝ ይሁን» ብዬ ጻፍኩ። ዝም። ፊደል የገደፍኩ መስሎኝ አንድ በአንድ አነበብኩ፤ አልገደፍኩም። ገጹን ደግሜ ከፈትኩ። ዝም። በመጨረሻ ለሙከራ ያህል እዚያው ላይ «ጀርባሽ ቢጫ ይሁን» ብዬ ጨመርኩ። ዐምዱ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆነ!

እንግዲህ ደብዳቤዬ ደርሷል። አድራሻውም ትክክል ነበር። ደስ የሚልዎትን ቃል አንብበው የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት ማለት ነው።

ደንቡን ፈልጌ አነበብኩ። ድረ ገጽ በሚዋቀርበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል የትውልድ ሐረግ ሴል የሚወለደው ከረድፍ ነው፤ ከአቶ ቲአር። ወይዘሮ ኮል ልጅ የላትም፤ ለሴሎቹ የእንጀራ እናት እንኳ አይደለችም፤ አጠገባቸው የምትኖር ጎረቤት ናት። የጽሑፍ አሰላለፍ ደግሞ በውርስ የሚተላለፍ ንብረት ነው፤ ውርስም ከወላጅ ወደ ልጅ እንጂ ከጎረቤት አይመጣም። ስለዚህ የገጹን መልክ የሚወስነው ቋንቋ፣ ሲኤስኤስ፣ ለኮል የፈቀደላት አራት ነገር ብቻ ነው፦ ድንበር፣ ጀርባ፣ ስፋት፣ መታየትና አለመታየት። ግቢውን ታጥራለች፣ ትቀባለች፣ ትለካለች፤ በውስጡ ያሉትን ግን «እስቲ ጠጋ በሉ» ማለት አትችልም። አመክንዮው ትክክል ነው። ያናደደኝም ትክክል መሆኑ ነው፤ ስህተት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እሳደብ ነበር።

በ2022 ጡረታ የወጣው አሮጌው ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በወጣትነቱ ለዐምድ ይታዘዝ ነበር። እሱን ያማሁባቸውን ዓመታት ሳስብ ትንሽ አፈርኩ።

የነጥቡን ነገር ደግሞ ላንሳ። በ1997 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.0 ቁጥሮች በነጥባቸው ላይ እንዲሰለፉ ቃል ገብቶልን ነበር፤ «ቻር» የሚል ስም ሰጥቶታል። በ1998 ሲኤስኤስ 2 ያንኑ ተስፋ በራሱ ቋንቋ ደገመው። እርስዎና ወንድሞችዎ ሥራዬ ብላችሁ አልያዛችሁትም፤ በ2011 የጸደቀው ሲኤስኤስ 2.1 ደግሞ ሐሳቡን አውጥቶ ጣለው። እኔም እስከዛሬ 9.5ን 9.50 እያልኩ ዜሮ በእጄ እለጥፋለሁ።

መላ አላጣሁም። «በየረድፉ ሦስተኛ የሆነ ልጅ ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠጋ» ብዬ በሲኤስኤስ ጻፍኩ፤ ይህንን ይሰማሉ፤ ለአቶ ቲአር ልጆች የተነገረ ነውና። አሥራ ዘጠኝ ረድፍ እንደ ወታደር ተሰለፈ። ሃያኛው ረድፍ የድምር ነበር። «ጠቅላላ ድምር» የሚለውን ለማስፋት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴሎች አዋሕጃቸው ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁለተኛ ልጅ ሆነ፤ «ተረጋግጧል» የሚለው አስተያየት ሦስተኛ። አስተያየቱ በክብር ወደ ቀኝ ሄደ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው፣ ሰንጠረዡ በሙሉ የተሠራለት ያ ድምር ብቻውን ግራ ግድግዳ ላይ ቀረ።

ረጅም ማስታወሻ ካለበት ሴል ጎን ያለውን ስም ከፍታው መሀል ላይ ስለሚያንጠለጥሉበት ልማድዎ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ለዛሬው ጉልበቴን ጨርሻለሁ።

ክቡርነትዎ ድምሬን ወደ ቀኝ እንዲያስጠጉልኝ ስል በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ ቲአር፤ ልጆቹን በድጋሚ እንዲቆጥር፤
ለወይዘሮ ኮል፤ እንድታውቀው ብቻ።

አባሪ፦ አንድ ቢጫ ዐምድ