እርማት፦ ወደ ፍላክ መቀየር ጥራት አይመልስም

«የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የግሬትፉል ዴድን የ1990–1995 ኮንሰርቶች ከኤምፒ3 ነው ያሰባሰብኩት፤ ግን ወደ ፍላክ ስለቀየርኩት ጥራቱ ተመልሷል» ላሉት፦ አልተመለሰም። ፍላክ (ድምፅን ጥራቱን ሳያጎድል የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) የተሰጠውን ሳይቀንስ ይይዛል እንጂ ኤምፒ3 ሲሠራ የተጣለውን አይሞላም። የቀጠነ ወጥ ትልቅ ድስት ውስጥ ስለገለበጡት አይወፍርም፤ የሚጨምረው የፋይሉ መጠን ብቻ ነው።

ለማጣራት ፋይሉን በኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም) ከፍተው ስፔክትሮግራሙን (የድምፁን ድግግሞሽ የሚያሳየውን ሥዕል) ይዩ። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 አብዛኛውን ጊዜ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። በ320 ኪሎቢት የተጨመቀው ግን እስከ 20 ኪሎኸርዝ ስለሚደርስ በዓይን ብቻ አይፈረድም፤ ቅጂው ከየትኛው ካሴት፣ በምን መንገድ እንደመጣ መጠየቅ ይሻላል።

ሌላም አለ። በዚያ ዘመን ከታዳሚው መሀል ሆነው ከሚቀዱት ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በዳት (ዲጂታል) ካሴት፣ በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና) ነበር። (ድብቅ ሥራም አልነበረም፤ ባንዱ ከ1984 ጀምሮ ለቀጂዎች ቦታ ለይቶ ሰጥቷል።) ሲዲ ደግሞ 44.1 ነው። በትክክል ሳይቀየር በ44.1 ከተጫወተ ፍጥነቱ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ የባንዱ ዘፋኝ የጄሪ ጋርሲያ ድምፅም ይወፍራል። ከ48 ወደ 44.1 ቅየራውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ያድርጉ፤ ከዚያ ዘፈኖቹን በ588 ሳምፕል (ናሙና፤ የሲዲ አንድ ክፍል ልክ) ብዜት ይቁረጡ። ያለዚያ ሲዲው ላይ በየመጋጠሚያው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል።