ሉፑ አልቆመም

ቀን ቀን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ማታ ማታ የኮምፒውተር ኮድ እማራለሁ። (ፓርኪንግ የሚሠራ አበሻ የማይማረው ነገር የለም። ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ፣ ሪል እስቴት። ለኔ ኮድ ደረሰኝ።) የምማረው ከመላው ዓለም የተሰባሰቡ ሰዎች በነጻ በሚረዳዱበት አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ቡድን ውስጥ ነው። ብዙ አስተምሮኛል፣ አልክድም። ያቃጠለኝም እሱው ነው።

አንድ ሌሊት አንድ ልጅ ገባ። ደብረ ብርሃን ነው ያለው። በአማርኛ ጻፈ፦ «እባካችሁ ሉፑ አልቆም አለኝ። ስክሪኑ ላይ ዜሮ ብቻ ነው የሚደረድረው።» ኮዱንም አብሮ ለጥፎታል። (ሉፕ ማለት ኮምፒውተሩ አንድን ሥራ እስኪበቃ ድረስ የሚደጋግምበት የኮድ ክፍል ነው።) አየሁት። ስንት ጊዜ እንደደገመ የሚይዘው ቆጣሪ ላይ በየዙሩ አንድ መጨመር ረስቷል። ቆጣሪው ዜሮ ላይ ተገትሮ ሉፑ በምን ይቁም? ይህንኑ በአማርኛ ጻፍኩለት፣ አንድ መስመር። ደቂቃ ሳይሞላ የሱም ጠፋ፣ የኔም ጠፋ። በምትኩ «እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ» የሚል መጣልኝ።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ትንሽ ቆይቶ በእንግሊዝኛ ሞከረ። «ሄሎ ሰር፣ ማይ ሉፕ ኢዝ ኖት ስታንዲንግ።»

እኛ ወዲያው ይገባናል። አልቆመም ማለቱ ነው። አንዱ ግን «ምኑ ነው ተነስቶ መቆም ያለበት?» ብሎ ጠየቀው። ሌላው የሚስቅ ፊት ለጠፈ። ሦስተኛው፣ እሱ እንኳ በቅንነት ይመስለኛል፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ ላከለት። በእንግሊዝኛ። ልጁ ወጣ።

እኔስ? እኔማ ማስጠንቀቂያዬን ይዤ ከአስተዳዳሪው ጋር እጨቃጨቅ ነበር። ቀና ስል ልጁ የለም። በእንግሊዝኛ መልሼለት ቢሆን በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እልህ ያዘኝ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? እዚያው ቡድን ውስጥ የስፓኒሽ ክፍል አለ። የፖርቱጋልኛ አለ። የቱርክኛ አለ። ሰዎቹ እንደልባቸው በቋንቋቸው ይጠያየቃሉ፣ ይቀልዳሉ። ለምን ለኛ አይከፈትም ስል አስተዳዳሪው «ማንበብ የማንችለውን መቆጣጠር አንችልም» አለኝ። ስድብ ይሁን ሰላምታ በምን እናውቃለን ነው ነገሩ። እውነት አለው። ግን ጉግል ትራንስሌት አማርኛን ከጀመረ ከ2016 ወዲህ ስንት ዓመቱ ነው? (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ይቅርታ።) ግጥም ተርጉም አላልኩት። ስድብን ከሰላምታ ለመለየት ይበቃል።

ይሄ ክርክር በኔ አልተጀመረም። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለውን የኮድ መጠያየቂያ ድረ ገጽ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከመሥራቾቹ አንዱ ጄፍ አትውድ በ2009 ፕሮግራመር ሁሉ እንግሊዝኛ ቢጠቀም ይሻላል ብሎ ተከራክሮ ነበር። እውቀቱ በየቋንቋው ከተበታተነ ማን ማንን ያገኛል ነው ሐሳቡ። በ2014 ግን ያው ድርጅት በፖርቱጋልኛ ከፈተ። ጃፓንኛ፣ ራሺያኛና ስፓኒሽም ተከተሉ። እንግሊዝኛው በዚህ አልፈረሰም።

እዚህ ጎረቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ዋና ዋና ወረቀቶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እማዬን ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የቋንቋዎች ዝርዝር ያለበት ካርድ አወጣች። እማዬ «አማርኛ» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ወዲያው በስልክ አንዲት ሴት «እንደምን አደሩ እናቴ» አለች። እማዬ ጉዳይዋን ረስታ «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጀመረቻት። አስተርጓሚዋ ሳቋ መጣ። ፈረንጇ ትጠብቃለች፣ እማዬ የልጅቷን አገር ቤት ታጣራለች። ከዚያ ቢሮ ስንወጣ እማዬ ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ።

አገር ቤት ስገባስ? የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባዮሎጂ ስታጠና አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ የሚያስረዳቸው በአማርኛ ነው። ፈተናው መልሶ በእንግሊዝኛ ነው። «ታዲያ ገብቶሻል?» አልኳት። «ገብቶኛል አጎቴ፣ ግን መጻፍ አልችልም» አለችኝ። በማግስቱ አንድ ወዳጄ መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ አስገባኝ። አሥራ አንድ ሰዎች ነን፣ አንድም ፈረንጅ የለም። ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ። አቅራቢው አንዱን መስመር ያነብና «ማለትም...» ብሎ በአማርኛ ይደግመዋል። ሻይ ሲመጣ ነው ሁሉም ዘና ብሎ ማውራት የጀመረው። ዲሲ ለእማዬ በአማርኛ ታዋራታለች፣ እኛ ለራሳችን በእንግሊዝኛ እንሰበሰባለን።

ወደ ቡድኑ ልመለስ። አስተዳዳሪው በመጨረሻ ሃያ ሰው ከጠየቀና ሁለት ተቆጣጣሪ ከተገኘ እንከፍታለን አለ። ፓርኪንግ ለመንኩ። ከቅዳሴ በኋላ ለመንኩ። ኮድ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሁለት የሰፈር ልጆችም ተመዝግበውልኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ሃያ ሞላ። የአማርኛ ክፍል ተከፈተ።

የመጀመሪያው ቀን በሰላምታ አለቀ። ሰላም ናችሁ፣ ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እንኳን አብሮ ደስ ያለን። አንድም ኮድ የለም። በሁለተኛው ቀን ግማሹ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመረ! ሌላው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው እንዴ የለመንኩት? የዓለምን ፊደሎች ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠው የጋራ ደንብ፣ ዩኒኮድ፣ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 ነው። ኪቦርዱ በየስልካችን አለ። ምን ሰበብ ቀረን?

በሦስተኛው ቀን «ሉፕ» በአማርኛ ምን ይባል የሚል ተነሳ። አንዱ «ዙር» አለ። አንዱ «ቀለበት» ካልተባለ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አንዱ «ሉፕ ሉፕ ነው፣ አትድከሙ» አለ። ከስልሳ በላይ መልእክት ተጻፈበት። በአራተኛው ቀን ከየት ነህ፣ የማን ነህ ተጀመረ። ሁለት ሰው አስወጣሁ። አንድ ልጅ ደግሞ «አማርኛ ብቻ ለምን? ኦሮምኛስ? ትግርኛስ?» ሲል ጠየቀ። ለጠብ የመጣ መስሎኝ ነበር፣ ግን ልክ ነው። እኔ በስፓኒሹ የቀናሁትን ያህል እሱም በኔ ቢቀና ምን ይገርማል? ለነሱም እንዲከፈት አብሬው ጠየቅኩ።

ማንም ያልከለከለን ቦታም አለ እኮ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ተከፍቶ ዓመታት አልፈዋል። ያሉት ጽሑፎች ወደ 15 ሺህ ገደማ ናቸው፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። እኔ ራሴ አንድም ጽፌ አላውቅም። አፌን ሞልቼ አስተዳዳሪውን ስወቅስ ይሄ ትዝ አይለኝም ነበር።

እንዲህ እየተናደድኩ ልዘጋው ሳስብ ጀርመን ያለች አንዲት እህት መጣች። የእድራቸውን መዋጮ የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠራች ነው። ወሮቹን በኛ አቆጣጠር አስገብታለች። በእንግሊዝኛው ክፍል ብትጠይቅ «አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም፣ ዳታሽ ተበላሽቷል» ብለዋታል። ሦስት ሰዎች ተረባርበው ያልተበላሸውን ዳታዋን ሊጠግኑላት ሞክረዋል።

እኛ ክፍል ጳጉሜን ማስረዳት አላስፈለጋትም። አንዱ በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛዋን ቀን የሚጨምር ኮድ ጻፈላት። ሌላው አረመው። ሌላው የአረመውን አረመ። የደብረ ብርሃኑን ልጅ ስም ከነዚህ መሐል ብፈልግ አጣሁት። ብቻ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ሰው አልተኛም። ኮዱ ከሠራ በኋላ ነው ያንን ሁሉ ሰው ዳግም የከፋፈለው ጥያቄ የመጣው። ለመሆኑ ጳጉሜ ላይ የእድር መዋጮ ይከፈላል እንዴ?