ለሲሸልስ ጫጉላ ምን ዓይነት መኪና?

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከምሳ በኋላ ማኪያቶ የምንጠጣባት ቤት አለች። ሰሞኑን እዚያ አንድ ክርክር ተነስቶ ሁላችንም ሥራ አረፈድን። ከመካከላችን አንዱ ጥር ላይ ያገባል። ለጫጉላ ሲሸልስ ይሄዳሉ፤ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሆቴሉም ተይዟል። የቀረው የኪራይ መኪና ነው። ስልኩን አውጥቶ የመረጠውን አሳየን። ትልቅና ከፍ ያለ ፎር ባይ ፎር ነው።

«ደሴት እኮ ነው፤ መንገዱ ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከፍ ያለ ይሻላል። ደግሞ ጫጉላ ነው፤ በሚጢጢ መኪና ይኬዳል እንዴ?» አለ።

ለሥራ እዚያ ደርሳ የመጣች ልጅ አብራን ነበረች። ሳቅ አለችና «የምትሄደው አፋር መሰለህ?» አለችው። «ዋናዋ ደሴት ማሄ ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ስፋቷ በሰፋበት ቦታ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዋና ዋናው መንገድ ሁሉ አስፋልት ነው። የሚያስቸግረው ጥበቱ ነው።»

ነገሩን ዘርዘር አድርጋ ነገረችን። የደሴቷ መሃል ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፍ 905 ሜትር ይደርሳል፤ ያውም ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ሽቅብ። ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ተነስቶ በሳን ሱሲ በኩል ወደ ምዕራቡ ዳርቻ የሚሻገረው መንገድ እየተጠማዘዘ ጫካውን ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው ቦይ ወይም ገደል ነው። ብዙ ቦታ ላይ የብረት መከላከያ የለውም። ከፊት አውቶቡስ ሲመጣ ስፖኪዮህን ለማትረፍ ወደ ጠርዙ ትጠጋለህ። «በዚያች ሰዓት ከፍታው አንድም አይጠቅምህም» አለችው።

ሙሽራው አልተዋጠለትም። «ዳገት ከሆነማ ጉልበት ያለው ነው የሚያስፈልገኝ» አለ።

ይሄኔ ነው በዕድሜ የሚበልጡን ሰው የገቡት። ብዙ ዓመት የመስክ መኪና የነዱ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ዳገቱን ተወው፤ ትንሽም ብትሆን ቀስ ብላ ትወጣዋለች። የሚፈራው ቁልቁለቱ ነው» አሉ። ትልቅ መኪና ክብደቱ ራሱ ወደታች ይገፋል። ሰው ደግሞ ፍሬን ረግጦ ይወርዳል፤ ፍሬኑ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። «አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ እሱን አስገባና ሞተሩ ይያዝልህ» ብለው መከሩት።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «በግራ እንደሚነዳ ታውቃለህ?»

አያውቅም ነበር። እሳቸው ቀጠሉ። እኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የሚነዳው፤ አሁን ግን እጃችንም ዓይናችንም በቀኝ ለምዷል። እዚህ አደባባይ ስንገባ ወደ ግራ እናያለን። እዚያ መኪናው የሚመጣው ከቀኝ ነው። መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ደግሞ ፍሬቻው በመሪው ቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ፍሬቻ አበራለሁ ስትል የዝናብ መጥረጊያው ይነሳብሃል። «በዚህ ሁሉ ላይ በግራ እጅህ ማርሽ ልትፈልግ ነው? አውቶማቲክ ያዝ» አሉት። በዚህስ ሁሉም ተስማማ።

ራይድ የሚሠራው ወዳጃችን ግን ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። «እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ። ለጫጉላ ሄጄ መንዳት? አውቶቡስ አለ፣ ታክሲ አለ። ዕቃህን ሆቴል ጥለህ ባሕር ግባ።» ደርሳ የመጣችው ልጅ ግማሹን ተቀበለችው። ፕራስሊን ወደምትባለው ሁለተኛዋ ደሴት በጀልባ ሲሻገሩ የኪራዩ መኪና ማሄ ይቀራል። ላ ዲግ በምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ ሰው የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በብስክሌት ነው። «ማሄ ላይ ግን ደስ ያለህ ባሕር ዳርቻ ላይ መቆም ከፈለግህ መኪና ይሻላል» አለች።

ኢንሹራንስ ቤት የምትሠራዋ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ ውሉን አነሳች። «‹ሙሉ ዋስትና› የሚለውን አይተህ አትርካ። ኤክሰሱ ስንት ነው? ማለትም አደጋ ቢደርስ የመጀመሪያውን ከኪስህ የምትከፍለው። በብዙ የኪራይ ውል ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ከዋስትናው ውጭ ናቸው።» መያዣ የሚባልም አለ። መኪናው እስኪመለስ ካርድህ ላይ ያለ ገንዘብ ይታገዳል። መኪናው በተወደደ ቁጥር መያዣውም ከፍ ይላል። እንደ እኛ ዶላሩን ቆጥሮ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ ለምሳና ለጀልባ ያሰበው ገንዘብ ታግዶ ሊውል ይችላል።

ልንነሳ ስንል ትልቁ ሰው ጠየቁ። «ለመሆኑ ሙሽራዋ ትነዳለች?»

«እሷማ ከእኔ በላይ ትነዳለች። ቪትዝ አላት» አለ።

ያን ሁሉ ሰዓት ስንከራከር የእሷን ሐሳብ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ የትንሿ መኪና ወገን ነኝ። ጥር እዚያ ዝናብ የሚበረታበት ወቅት ነው። እርጥብ አስፋልት፣ ጠባብ መንገድ፣ ያልለመዱት አቅጣጫ ሲደማመሩ፣ ጎኗ የት እንደሚያልቅ የሚታወቅ መኪና ያስፈልጋል። ትንሽ፣ አውቶማቲክ፣ ኤሲዋ በደንብ የሚያቀዘቅዝ ትበቃለች። የራይዱ ወዳጃችን ነገርም ልክ ነው፤ ለቆይታው ሁሉ መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው። ማሄን ለሚዞሩበት ሁለት ሦስት ቀን ይከራዩ፣ ወደ ፕራስሊን ከመሻገራቸው በፊት ይመልሱ። ከአውሮፕላን እንደወረዱ ደክሟቸው ቁልፍ ባይቀበሉ ደስ ይለኛል። በማግስቱ ጠዋት ሆቴሉ ድረስ የሚያመጣ አከራይ ይፈልጉ። እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚጨልም የተራራውን መንገድ በብርሃን ይጨርሱት።

አመራረጡን ግን ለእሷ ብተወው እመርጣለሁ። በትንሽ መኪና በየቀኑ አዲስ አበባን የምታቋርጠው እሷ ናት። ስሟ ውሉ ላይ እንደ ሁለተኛ ሹፌር ይግባ፤ ውሉ ላይ ያልተመዘገበ ሰው ነድቶ ቢጋጭ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። ሙሽራው ዛሬ ማታ ለአከራዩ ሲጽፍ የእሷንም መንጃ ፈቃድ አብሮ ይላክ።