ጠለፋን ያስታረቁ ሽማግሌዎች በዛሬ ዓይን ይፈረድባቸው?

የዛሬ 30 ዓመት ገደማ ነው። የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ ተከትሎ የመጣውን ጠላፊዋን ገደለች። ፍርድ ቤት ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነጻ አወጣት። ሁለት ሰዎች በዚህ ይከራከራሉ።

ከአሰላ፦ ጠለፋን አልደግፍም፣ ይሄ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ግን አባቴ ሽማግሌ ነበር። ልጅ ተጠለፈች ሲባል ሌሊት በቅሎ አስጭኖ ይወጣል። ካልደረሰ በማግስቱ ሁለት ቤተሰብ ደም ይቃባል። ከብት ያስክሳል፣ ያስታርቃል። ከጠላፊዎቹም ብዙዎቹ ለጥሎሽ አቅም ያጡ ጎረምሶች ነበሩ። ዛሬ ካፌ ተቀምጦ በእነዚህ ሽማግሌዎች መፍረድ ቀላል ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ኋላ ይለምዱት ነበር፣ ወልደው ከብደው ኖረዋል።

ከአዲስ አበባ፦ «ኋላ ይለምዱት ነበር» ያሉትን ማን ነገረዎት ጋሼ? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም እንዲሁ ነበር የሚያስበው። ልጅቷ በፈቃዷ ካገባችው ጠላፊው አይከሰስም ይል ነበር። ተይዛ፣ ተደፍራ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እየጠበቀ ምን ፈቃድ አላት? ጋብቻው ከቅጣት አያድንም የተባለው በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው። ደግሞ ይሄን ይመልሱልኝ። ያን ቀን የተኮሰው የአበራሽ ወንድም ቢሆን የእህቱን ክብር ያስመለሰ ወንድ ተብሎ ይፎከርለት ነበር። እሷ ስትተኩስ ነፍሰ ገዳይ ተባለች። ጥይቱ ያው ነው።

ከአሰላ፦ የእናንተ ነገር ሁሉን ወንድ ላይ መለጠፍ ነው። የተጠለፈችው ልጅ ስትመጣ እልል ብለው የሚቀበሏት እነማን ነበሩ? ሴቶች አይደሉም? እናቴ ራሷ ምንጭ ወርዳ ነው የተጠለፈችው። እንስራዋ እዚያው ተሰብሮ ቀረ። ስምንት ልጅ ወልዳ አሳደገች። አባቴ የሞተ ቀን ፊቷን ነጭታ ነው ያለቀሰችው። ይሄን ምን ትይዋለሽ?

ከአዲስ አበባ፦ አሁንም «ለመዱት» ነው ያሉኝ፣ በሌላ ቃል። ስለ ወንድምየው ምንም አላሉም። እናትዎ ራሳቸው ስለዚያ ቀን ምን ይላሉ? የእንስራውን ነገር የነገሩዎት እሳቸው ናቸው?

ከአሰላ፦ አክስቴ ናት የነገረችኝ። እናቴ አንስታው አታውቅም፣ እኛም አንጠይቅም። ነውር ነው። ልጄ፣ የሰው ቤት እንዲህ አይገባም። እኔ ያልኩት ሽማግሌ ይከበር ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ሲጀምሩ «አይፈረድባቸው» ነበር ያሉት፣ አሁን «ይከበሩ» ሆነ። ሽማግሌዎቹ ዋርካ ስር ተቀምጠው ስንት ከብት ይከፈል ሲባባሉ ልጅቷ የት ነበረች? የሰው ጓዳ ውስጥ ተዘግቶባት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። «በዛሬ ዓይን» ይሉኛል። ያኔም እኮ ታለቅስ ነበር።

ከአሰላ፦ ስለ አበራሽ የፈለግሽውን ጻፊ። እናቴን ግን ተያት። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ አሁን አብረን ራት በልተን ነው የተነሳነው። ልጠይቃት ብዬ ተውኩት። አንቺም ተይው።